አድራሻው ከአመልካቹ ጋር

የዚያን ሰው ስም እዚህ አልጽፈውም። የአሥር አለቃውን ሳይሆን የምስክሩን ማለቴ ነው። አንድ ስም ከበር ላይ ሦስት ጊዜ ሲጠራ ምን ሊከተል እንደሚችል በዓይኔ ስላየሁ ይቅርብኝ። “የሽማግሌ ቅዠት ነው” የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከማንም ጋር አፍ አልካፈትም።

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት አጥር ውጭ ካለች አንዲት በከኒሳ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አባቴ ከጎጃም በጸሐፊነት ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት፣ ብዕሩን ከአባቴ ተማርኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው። ጠባዬ ግን የእጅ ጽሑፌን ያህል አያምርም ነበር፤ ባለጉዳይ ወሬ ካስረዘመብኝ ጠረጴዛዬን በጡጫ እየነረትኩ “ፍሬ ነገሩን!” እል ነበር።

አሥር አለቃውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የጊዳ አያና ሰው ነው፤ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ፣ በበከኒሳ ቀሴ በኩል ካለ የቡና መጋዘን ኩሊ ሆኖ የሚሠራ። ፊት ለፊት “እርስዎ” እለዋለሁ፤ በልቤ ግን እንደማንኛችንም “እሱ” ነው፣ እዚህም እንደዚያው ልጥራው። ስለ እሱ የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር። ባዶውን ሲሄድ ግንባሩ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ቀኝ ዳሌው ወደ ውጭ ወጥቶ፣ እግሩን እየጎተተ ነው። አንድ ኩንታል ቡና ጀርባው ላይ ሲጭኑበት ግን ቀጥ ይላል። ጆንያውን ተሸክሞ እንደ ወጣት እየተራመደ መኪናው ላይ ይወጣል፤ ጆንያውን ሲያወርድ መልሶ ይጎብጣል። ኩሊዎቹ መጀመሪያ ሰሞን ይስቁበት ነበር፤ በኋላ መሳቁን ተዉት።

ሌላም ነገር ነበር። ወደ ገበያ በሚያወርደው ቀጭን መንገድ ላይ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ለተሸከመ ሰው መንገድ ይለቃል፤ ይህ ማንም ሳይጽፈው ሁሉም የሚጠብቀው ሕግ ነው። ለአሥር አለቃው ግን ባዶውን ሲሄድም መንገድ ይለቁለታል፤ ያውም እንጨት የተሸከሙ ሴቶች። ለምን እንደሚለቁ ብትጠይቃቸው “እንጃ” ነው መልሳቸው።

በአንድ የሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ጠረጴዛዬ ፊት መጥቶ ቆመ።

“አካም ጅርታ፣ ኢልማኮ” አለኝ። በአገሩ ወግ ልጄ ማለቱ ነው።

“ደኅና ነኝ አሥር አለቃ፤ ይቀመጡ።”

“መቀመጥስ አልችልም። ቆሜ ልንገርህ።”

ከደረት ኪሱ በላስቲክ የጠቀለለውን ወረቀት አወጣ። ከአዲስ አበባ በዓመት አንዴ የሚመጣው የሐኪሞች ቦርድ የሰጠው ውሳኔ ነው። ወገቡና ዳሌው ላይ ያለው ጉዳት ከመቶ አሥር ብቻ፣ እሱም “በሸክም ሥራ የመጣ እንጂ ከጦር ሜዳ የተገኘ ለመሆኑ ማስረጃ የሌለው” ይላል። ከታች ደግሞ “አመልካቹ ቀጥ ብሎ መቆም እንደሚችል ታይቷል” የሚል ተጨምሮበታል።

“ቀጥ ብለው ቆሙላቸው እንዴ?” አልኩት።

“ሐኪሙ እኮ ሻምበል ነው። በሻምበል ፊት ጎብጬ ልቁም ነው የምትለኝ?”

ወይ ጉድ! ለካስ ሰውየው ሜዳልያውን ደርድሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ወድቆ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ቤቱ ያደረሰው። በንዴት ደሜ ፈላ። “እንዲህ ዓይነት ሞኝነት የት ይገኛል! ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ሕመም ይዘው እንጂ ሰላምታ ይዘው ነው?” ብዬ ጮኽኩበት። ጩኸቴን ሰምቶ ሲጨርስ ዳሌውን በእጁ ያዘ። የሆስፒታሉ ድሬሰር ከእንግዲህ አንድ ዓመት ቡና ከተሸከመ እግሩ ከናካቴው እንደማይንቀሳቀስ ነግሮታል። መሸከሙን እንዳይተው ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ይግባኙ ከተሳካ ጆንያ ይቀርለታል፤ ካልተሳካ አንድ ቀን ከመኪናው መወጣጫ ላይ ይወድቃል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ወረቀት አወጣሁ። “ጉዳቱ እንዴት ደረሰ? ፍሬ ነገሩን!”

ነገረኝ። ኮረብታ ላይ ነበሩ፣ በረዶ ይጥላል። ጓዱ ተመታ። ጓዱ ከቢላ አገር የመጣ ልጅ ነው፤ ከኦሮምኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይችልም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከአሥር አለቃው አይለይም። አዘለው። ሲወርዱ አዳለጠውና በዳሌው ድንጋይ ላይ ወደቀ፤ ያንን ልጅ ሳይጥል ተነሥቶ እስከ ሕክምናው ድንኳን ደረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወገቡ አልተቃናም።

“ይህን ያየ ሰው አለ?”

“ያ ልጅ ነዋ።”

“ምስክር ይሆናል?”

“ይሆናል። ለምን አይሆንም።”

“አድራሻው የት ነው?”

“ከኔ ጋር ነው” አለኝ።

እኔ ምን ይጠርጥረኝ! ነቀምቴ ያን ጊዜ እንግዳና ዘመድ በአንድ ጎጆ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ አብሮት የሚኖር የጦር ጓድ አለው ብዬ ደስ አለኝ። ባማረው ጽሑፌ “ምስክር፦ እገሌ። አድራሻው ከአመልካቹ ጋር” ብዬ ጻፍኩና ከግርጌው፣ ደንቡ ስለሆነ፣ ጸሐፊው እኔ መሆኔን ፈረምኩ። አሥር አለቃው ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። ሲሄድ ጭቃው ላይ የተወውን ዱካ ልብ አልኩት። ሰውየው ከስቶ አጥንቱ የቀረ ነው፤ ዱካው ግን ቀይ ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ገብቷል። ተነሥቼ አጠገቡ ረገጥኩ። እኔ ያን ጊዜ ሥጋም ነበረኝ፤ የኔ ዱካ የእሱን ግማሽ አልሆነም። “ጭቃው እዚያ ጋ የላላ ይሆናል” ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ጥሪው መጣ። ቦርዱ በጥር ይመጣል፤ አመልካቹ “ምስክሩን ይዞ” ይቅረብ ይላል። ደብዳቤውን ላነብለት መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ጆንያ ተደግፎ ቂጣ ይገምጣል።

“እንግዲህ ጓደኛዎን ያዘጋጁት። ልብሱን አጥቦ ይምጣ። አሁን የት አለ?”

“እዚሁ ነው።”

ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ማንም የለም።

“የት?”

ቂጣውን አስቀመጠና በአውራ ጣቱ ወደ ኋላው፣ ወደ ጀርባው አመለከተ። “ድንኳኑ ጋ ስደርስ ሐኪሞቹ ‘ይህ ከሞተ ቆይቷል’ አሉኝ። እኔ ግን እስከዚያው ድረስ ያነጋግረኝ ነበር፤ በረዶው ዓይኔን ሲጋርደኝ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያለ መንገድ የሚያሳየኝ እሱ ነው። ‘አገራችን ሳንገባ አላወርድህም’ ብየው ነበር። ሬሳውን ወሰዱት፤ እሱ ግን አልወረደም። ተመልሼ ቢላ እናቱ ቤት ወሰድኩት። እናቱ ሞታለች፣ ቤቱም ፈርሷል። ለማን ላስረክበው? ጆንያ ሲጫንብኝ ብቻ ይወርድልኛል፤ ጆንያውን ሳወርድ ተመልሶ ይወጣል።”

ይህን ሁሉ የተናገረው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። እኔ ከጀርባው ራቅ ብዬ ቆምኩ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ድንጋጤ መጣብኝ፤ የሞተ ሰው በምስክርነት ቆጥሬ የፈረምኩት እኔ ነኝ! ከጠረጴዛዬ ሊያባርሩኝ ነው፣ እስር ቤትም ሊያስገቡኝ ይችላሉ። “ምን አደረጉኝ አሥር አለቃ! ሞቷል አይሉኝም ነበር?”

“ሞቷል ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም” አለኝ፤ ቅር ብሎት።

እውነቱን ነው። ፍሬ ነገሩን ስል ፍሬ ነገሩን ነው የነገረኝ።

የቀጠሮው ቀን አብሬው ገባሁ። ምስክሩ ሊገኝ አልቻለም እላለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ አፌን አዘጋጅቻለሁ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ በአንድ ጎን ረዥም ጠረጴዛ፣ መሐሉ ላይ ሻምበል ሐኪሙ፣ ግራና ቀኙ ሁለት ሰዎች። ከግድግዳው ጥግ ባዶ የምስክር አግዳሚ ወንበር አለ። ጥር ነው፤ ውጭው አቧራ፣ ሰማዩ ቁራጭ ደመና የሌለበት። አሥር አለቃው ሜዳልያውን ደርድሮ ገባ፣ እኔ እዚያ በሩ ላይ እጁን ይዤ “በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ጎበጥ ይበሉ!” ብለውም አልሰማኝም። በሻምበሉ ፊት ተረከዙን አጋጭቶ ቀጥ አለ። አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ ከኋላው አያለሁ። አለቀልን አልኩ።

ሻምበሉ ማመልከቻውን አገላበጠ። “ምስክሩ ይግባ” አለ።

አፌን ልከፍት ስል ተላላኪው በሩን ከፍቶ ወደ ግቢው መጣራት ጀመረ። የምስክር ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ደንቡ ነው። አንድ ጊዜ ጠራ። ውጭ ሲያወሩ የነበሩት ባለጉዳዮች ወደ በሩ ዞሩ። ሁለተኛ ጠራ። ከኔ አጠገብ ያለው የመስኮት መጋረጃ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ወደ ውስጥ ገባ። ብርድ ተሰማኝ፤ የነቀምቴ ብርድ አይደለም፣ ያንን ብርድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቀውም። ሦስተኛ ጠራ።

አሥር አለቃው ዞረ። በሻምበል ፊት ሳይፈቀድለት የዞረ የመጀመሪያ ጊዜው መሆን አለበት። ጀርባውን ወደ አግዳሚው ሰጥቶ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ዝቅ አለ። “ሱታ፣ ሱታ” ይላል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። የታመመ ሰው ከጀርባ የሚወርደው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ መቀመጫውን፣ ከዚያ አንድ ክንድ ከአንገት ላይ ማላቀቅ፣ ከዚያ ሌላውን። አግዳሚው እንጨት ድምፅ አሰማ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሦስት ባለሥልጣን፣ ተላላኪውና እኔ ቆመን ሰምተነዋል።

ሻምበሉ ከወንበሩ ተነሣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። “ይህን አወራረድ ከጦር ሜዳ ድንኳን አውቀዋለሁ” አለ፣ ለማን እንደሚናገር እንጃ። አሥር አለቃው በዚያው ጎንበስ እንዳለ ዳሌው ተቆልፎበት መነሣት አቃተው። ሻምበሉ መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ፣ ሸሚዙን ገልጦ የጀርባውን አጥንት አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረ፣ ዳሌውን ይዞ እግሩን አንቀሳቀሰ። አሥር አለቃው ያን ጊዜ ጮኸ። ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። “ይበቃል” አለ ሻምበሉ፣ “ጻፉ” ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ስለ ምስክሩ ማንም ምንም አልጠየቀም። እነሱ አቀርቅረው ሲጽፉ አሥር አለቃው ቀና አለ፤ ሰላምታ ሊሰጥ አይደለም፣ ጥርሱንም አልነከሰም፣ ዝም ብሎ ቀና አለ። ከጭንቀት የተገላገለ ሰው ይመስል ነበር።

ስንወጣ አግዳሚውን ዳሰስኩት። እርጥብ ነበር፣ ጣቴን ደነዘዘኝ።

በመጋቢት ውሳኔው መጣ። ከመቶ ሰባ፤ “በጦር ሜዳ የደረሰ፣ ወገቡ የማይቃና፣ ዘላቂ ጉዳት” ይላል። በደስታ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ እኔ በዚህ ሥራዬ እንደዚያ የረታሁበት ቀን የለም። አሥር አለቃው ግን የቤቱ በር ላይ እንደ አዲስ ምልምል ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘሁት። መጋዘኑን ትቷል። ፊቱ ጠቁሯል።

“አታንብብልኝ” አለኝ።

“እንዴ! ይህን ቀን ስንጠብቅ አልነበረም?”

“ምን ይላል? አይቃናም አይደል የሚለው? እየኝ እስቲ። ይህን ወረቀት ይዤ በከተማው መሐል ቀጥ ብዬ ልሂድ? በውሸት ወረቀት እንጀራ አልበላም።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ደግሞ እዚያ ጥዬው መጣሁ፣ ኢልማኮ። ቢሮ ውስጥ። አንድ ሰው አያውቅም፣ ቋንቋቸውን አይችልም። ሄጄ ባመጣሁት ነበር፣ ያስገባኛል ያ ዘበኛ? ሁለት ጊዜ መለሰኝ። ቀለለኝ እኮ፤ ስቀመጥ ቀለለኝ፣ ስተኛ ቀለለኝ፣ መላ አካሌ ባዶ ሆነ።” ሽበታም ወታደር እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

“አንተ እዚያ ቢሮ በየቀኑ ትገባለህ” አለኝ።

ተቆጣሁ። እብድ ነዎት አልኩት፣ እኔንም ሊያሳብዱኝ ነው አልኩት፣ ኤዲያ ብዬው ሄድኩ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጸሐፊዎቹ ሲወጡ፣ መዝገብ የረሳሁ መስዬ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ሁሉ ይዛለች፤ አግዳሚው ብቻ ጥላ ውስጥ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ፣ እጆቼን ወደ ኋላ አደረግኩ። ሰው ቢያየኝ ምን እላለሁ? “ኮቱ” አልኩ፣ ና ማለት ነው። ምንም የለም። “ቤት ላድርስህ ነው፣ ኮቱ” አልኩ ደግሜ፤ በራሴ አፍሬ ልነሣ ስል ማጅራቴን የቀዘቀዘ ነገር ነካኝ። ከዚያ አንድ ክንድ፣ ከዚያ ሌላው።

ከባድ ነበር። ስለ ክብደቱ ብዙ አልናገርም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድኩ፣ ዘበኛው “ወገብዎን ምን ነካዎት?” ሲለኝ አልፌው ሄድኩ። መንታ መንገዱ ጋ ስደርስ እግሬ በልማዱ ወደ ቤቴ፣ ወደ ግራ ሊያቀና ሲል፣ ከጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ተባለ፤ ራሴን ወደ ቀኝ ስሄድ አገኘሁት። በቀጭኑ የገበያ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን የሚያክል እንጨት ተሸክማ ከፊቴ ትመጣለች። እኔ ባዶ እጄን ነኝ፣ መልቀቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። አየችኝ፣ ከነሸክሟ ወደ ቦዩ ወርዳ “ደርቢ” አለችኝ፣ እለፍ ማለቷ ነው። ያን ጊዜ ነው ያመንኩት፤ እስከዚያ ድረስ በልቤ አንድ ጥግ “ቅዠት ነው” እያልኩ ነበር የምሄደው።

አሥር አለቃው ከሩቅ አይቶ አወቀ። ሮጦ መጣና ምንም ሳይናገር ዞሮ ጀርባውን ሰጠኝ። ጀርባ ለጀርባ ቆምን። ቀስ በቀስ እኔ ቀና አልኩ፣ ቀስ በቀስ እሱ ጎበጠ፤ ዳሌው ወደ ውጭ ሲወጣ የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት። ዞሬ ሳየው ግንባሩ ወደ መሬት ነው፣ ፊቱ ግን በርቷል።

“ገለቶሚ” ብሎ አመሰገነኝ።

“ከበደዎት?”

“እንደ ድሮው ነው።” እጁን ወደ ትከሻው ወስዶ አንድ ነገር ዳበስ አደረገ፣ ማንገቻውን እንደሚያስተካክል ሰው። “በል፣ አሁን ያንን ወረቀት አንብብልኝ።”

ከኪሴ አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። “ወገቡ የማይቃና” የሚለው ላይ ስደርስ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ዘንበል አድርጎ የሆነ ነገር አዳመጠ።

“ቀጥል” አለኝ። “እውነት ነው ይላል።”